ስለ ቡና ችግኝ አፈርና ስለ ኖራ ንግድ

ቡና ከውጭ አገር ንግዳችን ዋና ዋና ዕቃዎች አንዱ መሆኑ ለክቡራን አንባቢዎቻችን የተሰወረ አይደለም። ዳሩ ግን በመጋዘን የተከማቸውን ቡና የሚመረምር ነጋዴ ሁሉ፥ የምርቱ ብዛት ገና ዛፉ የስንዝር ችግኝ ሳለ መወሰን እንደሚጀምር አያስተውልም። ዛሬ የተተከለ ችግኝ ፍሬ የሚሰጠው ከሦስት እስከ አራት ዓመት ቆይቶ ነው። ስለዚህ በችግኝ መደብ ላይ የተሠራ ስሕተት የሚታወቀው ገንዘቡ ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው። የቡና እርሻ ላቋቋሙ ላኪዎችም ሆነ የእርሻ ዕቃ ለሚያስመጡና ለሚቸረችሩ ነጋዴዎች ጉዳዩን በአጭሩ ማስረዳት አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል።

የአፈር ኮምጣጣነት የሚለካው ፒ ኤች በሚባለው መለኪያ ነው። ይህንንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1909 ያወጣው ሶረንሰን የተባለው የዴንማርክ ሊቅ ነው። መለኪያው በተለመደው አሠራር ከ0 እስከ 14 የሚደርስ ሲሆን፥ 7 መካከለኛ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ኮምጣጣ ይባላል። የአንድ ቁጥር ልዩነት ግን የአሥር እጥፍ ልዩነት ነው፤ ይኸውም ፒ ኤቹ 5 የሆነ አፈር 6 ከሆነው በአሥር እጥፍ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው።

የቡና ተክል በመጠኑ ኮምጣጣ የሆነውን አፈር ይወዳል፤ ከ5 እስከ 6.5 ያለው ይስማማዋል። ኮምጣጣነቱ ከዚህ ሲብስ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም እየሟሟ ሥሩን ያቀጭጫል፤ ፎስፎረስንም አስሮ ተክሉ እንዳያገኘው ያደርጋል። እንደ ጅማ፥ ኢሉባቦርና ወለጋ ባሉት ዝናብ በሚበዛባቸው አገሮች ውሃው ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ስለሚወስድ፥ አፈሩ በየጊዜው ይኮመጥጣል። ዩሪያና የአሞኒየም ማዳበሪያም ለብዙ ዓመት ሲጨመር ይህንኑ ያባብሳል።

የዚህ መድኀኒቱ ኖራ ነው። ነገር ግን ኖራ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የባለ ሱቁም ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በዚህ ላይ ነው። የንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ኀይል 100 ተብሎ ቢቈጠር፥ ንጹሕ ዶሎማይት ወደ 109፥ ውሃ የጠጣው ኖራ ወደ 135፥ ያልጠፋው ትኩስ ኖራ 179 ያህል ይሆናል። ግድግዳ የሚቀባበትን ኖራ በእርሻ ኖራ ፋንታ በዚያው ሚዛን የሚሸጥ ሰው፥ ሳያውቅ የደንበኛውን ችግኝ ያቃጥላል። ጅፕሰም ደግሞ ካልሲየም ቢኖረውም ኮምጣጣነትን አያጠፋም። ኖራው በደቀቀ መጠን ሥራውን ቶሎ ስለሚሠራ፥ አስመጪም ሆነ ገዢ የዕቃውን ዓይነት፥ ንጽሕናና ድቀት በጽሑፍ መጠየቅ አለበት።

ችግኝ የታመመ በመሰለ ጊዜ ሁሉ ግን ጥፋቱ የአፈሩ አይደለም። ችግኙ እንደ በቀለ ግንዱ ከአፈሩ አጠገብ ጠቁሮና ቀጥኖ ቢወድቅ፥ በሽታው ከፈንገስ የመጣ ነው። ውሃ ሲበዛ፥ ዘሩ ተጠጋግቶ ሲዘራና አየር ሲያጥር ይበረታል። የታመመውን ነቅሎ ማስወገድ፥ ውሃውን መቀነስና ጥላውን ማሳሳት ይገባል እንጂ ኖራ መነስነስ አይጠቅመውም። በቅጠሉ ላይ መካከሉ ነጣ ያለ፥ ዙሪያው ቢጫ የሆነ ቡናማ ነጥብ ቢታይ፥ ችግኙ ምግብ ያነሰው ወይም ፀሐይ የበዛበት መሆኑን ብዙ ጊዜ ያመለክታል። አሮጌዎቹ ቅጠሎች በሙሉ ቢጫ ቢሆኑ የናይትሮጅን ማነስ ይጠረጠራል። ለጋዎቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ቢቀር ግን ብረት የተባለው ምግብ አላገኙም ማለት ነው። ይህም ኖራ ከመጠን በላይ ሲጨመር ይደርሳል፤ በላዩ ሌላ ኖራ የሚጨምር ሰው በሽታውን ያብሰዋል።

ስለዚህ አስቀድሞ መለካት፥ ኋላ መግዛት ይገባል። ከመደቡ ልዩ ልዩ ቦታ ትንሽ ትንሽ አፈር አንሥቶ፥ ቀላቅሎ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ለአንድ መደብ ችግኝ ከሚወጣው ድካም ጋር ሲመዛዘን ቀላል ነው። የኖራው ልክ የሚታወቀው ከዚህ ምርመራ ነው፤ የጎረቤት እርሻ ልክ ለሌላው አይሆንም። ኖራውም ዘር ከመዝራት አስቀድሞ ከአፈሩ ጋር በደንብ መደባለቅ አለበት።

ላኪው ለችግኝ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የአፈሩን ልክ ይጠይቅ፤ አስመጪው ምርመራው ያልታወቀ ኖራ አያስገባ፤ ባለ ሱቁም የሕንፃውን ኖራ ከእርሻው ለይቶ ያስቀምጥ፥ በከረጢቱም ላይ ስሙን ይጻፍ። ደንበኛው ከአራት ዓመት በኋላ ፍሬ ለቅሞ ሲመለስ፥ የሁሉም ትርፍ በአንድነት ይገኛል።