ጥቁር ተወልዶ ነጭ የሚያረጅ

በኦስትሪያ ተራራማ ምድር ፒበር የምትባል መንደር አለች። እዚያ ካለው የፈረስ እርባታ በረት ገብቶ አዲስ የተወለደ ውርንጭላ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው አባትየውን ነው። እናቲቱ ባዝራ እንደ ጥጥ ነጭ ናት፤ በቀጫጭን እግሮቹ እየተንገዳገደ የሚጠባት ውርንጭላ ግን ከሰል የመሰለ ጥቁር፣ ካልሆነም ዳማ ነው። የተደበቀ ነገር የለም። ሊፒዛነር የሚባለው የፈረስ ዘር አፈጣጠሩ እንዲህ ነው። ጠጉሩ ዓመት በዓመት እየሸበተ ይሄድና መጀመሪያ ግራጫ ይሆናል፤ ከ6 እስከ 10 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ጨርሶ ይነጣል። ቆዳው ግን ከነጩ ጠጉር ሥር ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። አፍንጫው አካባቢ፣ ጠጉሩ የሳሳበት ቦታ ላይ ያስታውቃል። ሌላውን ፈረስ ዕድሜውን ለማወቅ ከንፈሩን ገልጠን ጥርሱን እናያለን፤ የዚህን ወጣትነት ግን ከሩቅ ይለዩታል።

ከፒበር ወንዶቹ ተመርጠው የሚሄዱት ወደ ቪየና ነው። በከተማዋ እምብርት፣ በቀድሞው የሐብስበርግ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ፣ የስፔን የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት አለ። በዚያ ግቢ ፈረስ ይገራበት የነበረ ሜዳ እንደነበረ የሚያሳየው የመጀመሪያው ሰነድ የ1565 ነው (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቤቱም ጋላቢዎቹም ኦስትሪያውያን ሆነው ሳለ ስሙ “የስፔን” የሆነው በፈረሶቹ ምክንያት ነው። ነገሥታቱ ያኔ በአውሮፓ እጅግ የተወደደውን የስፔን ፈረስ አስመጥተው በ1580 ሊፒካ በምትባል፣ ዛሬ ስሎቬንያ ውስጥ ባለች መንደር ማርባት ጀመሩ። የዘሩም ስም ከዚያች መንደር የመጣ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግዛቱ ሲበታተን የኦስትሪያ ድርሻ የሆኑት ፈረሶች በ1920 ፒበር ገቡ።

ትርኢቱ የሚታይበት አዳራሽ ከ1729 እስከ 1735 የተሠራ ነው። 46 አምዶች፣ ከጣሪያው የተንጠለጠሉ ግዙፍ መብራቶች፣ ዙሪያውን ሁለት ደርብ ሰገነት፤ ወለሉ ግን አሸዋ ነው። የቤተ መንግሥት ግብር አዳራሽ ውስጥ ፈረስ ያስገቡ ይመስላል። ጋላቢዎቹ ቡናማ ኮትና ከጉልበት ያለፈ ጥቁር ቦት ጫማ አድርገው ሲገቡ፣ ግድግዳው ላይ ወዳለው የካርል 6ኛ ሥዕል አቅንተው ባርኔጣቸውን ያነሣሉ። አዳራሹን ያሠራው እሱ ነው። በ1740 ለሞተ ንጉሥ እስከ ዛሬ እጅ ይነሣሉ።

እያንዳንዱ ድንጉላ ሁለት ስም አለው። የመጀመሪያው ከስድስቱ የዘር አባቶች የአንዱ ነው፤ ፕሉቶ፣ ኮንቨርሳኖ፣ ማኤስቶሶ፣ ፋቮሪ፣ ናፖሊታኖ ወይም ሲግላቪ። ሁለተኛው የእናቱ ስም ነው። እኛ ጋ ሰው በፈረሱ ይጠራ ነበር፤ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው እንደምንለው። እዚያ ፈረሱ ራሱ እንደ ባላባት ልጅ በአባትም በእናትም ተቆጥሮ ይጠራል።

ትምህርቱ የሚጀመረው ውርንጭላዎቹ በተራራ ግጦሽ ላይ ጥቂት ክረምት በነፃነት ሮጠው፣ አጥንታቸው ከጠና በኋላ ነው። በ4 ዓመታቸው ገደማ ቪየና ይደርሳሉ። የመጀመሪያው ዓመት የዋዛ ይመስላል፤ ፈረሱ ሰው ተሸክሞ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት መሄድን ብቻ ይማራል። የቱ ፈረስ ቀጥ ብሎ መሄድ ያቅተዋል? ጀርባው ላይ ክብደት ሲጫን ሁሉንም ያቅተዋል። ሚዛኑ ይፋለሳል፤ ወደ አንድ ጎን ይሰባል። በሚቀጥሉት ዓመታት መታጠፍን፣ አካሄድ መለወጥን፣ ወደ ጎን መራመድን ይለማመዳል። በመጨረሻ ከፍተኛ ትምህርት የሚሉት ደረጃ ይመጣል። ባለበት ቦታ ሶምሶማ መርገጥና በኋላ እግሮቹ ላይ በጠባቡ መዞር እዚህ ይገባሉ። ይህ ሁሉ ወደ ስድስት ዓመት ይወስዳል፤ ፈረሱም ጨርሶ የሚነጣው ትምህርቱን ሲጨርስ አካባቢ ነው።

ከመሬት በላይ የሚባሉትን ዝላዮች የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ ተሰጥዖ ይጠይቃል። ካፕሪዮል በሚሉት ዝላይ ፈረሱ አራት እግሩን ከመሬት ያነሣና አየር ላይ ሳለ በኋላ እግሮቹ ይራገጣል፤ ጭብጨባውን የሚወስደው እሱ ነው። እኔ ግን ሌቫድን አስበልጣለሁ። ድምፅ የለውም። ፈረሱ የኋላ እግሮቹን ከሆዱ ሥር ሰብስቦ ቁርጭምጭሚቱን ያጥፍና የፊት እግሮቹን በቀስታ ከመሬት ያነሣል። ቀጥ ብሎ ቢቆም ይቀልለው ነበር፤ እሱ ግን አንገቱን ቀልሶ፣ ዝቅ እንዳለ ይቆያል። ጭኑ ላይ ያለው ጡንቻ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ሁለት ሦስት ትንፋሽ ያህል ቆይቶ፣ ሳይወድቅ፣ እንደ ተነሣው በቀስታ ይወርዳል። ጋላቢው ከኮቱ ጀርባ በተሰፋች ድብቅ ኪስ እጁን ይሰድና ስኳር ያቀብለዋል።

የሰዎቹም መንገድ እንደዚያው ረጅም ነው። ለጋው ተማሪ መጀመሪያ ዛብ አይሰጠውም፤ እርካብም የለውም። አዳራሹ ተመልካች በሌለው ሰዓት አንድ ሽማግሌ ድንጉላ ረጅም ገመድ ታስሮለት፣ መካከል በቆመ መምህር ዙሪያ ክብ ይዞራል። ተማሪው ኮርቻ ላይ እጁን ሰብስቦ፣ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል። መያዣ ስለሌለው ያለው አማራጭ ወገቡን ከፈረሱ ጀርባ ጋር ማስማማት ነው። ልጁ ሲደነግጥ ጉልበቱን ያጠብቃል፤ ፈረሱም ወዲያው ያውቅበታል፣ ርምጃውን ያሳጥራል። ሲላላ ፈረሱም ይላላል። መምህሩ አንድ ጊዜ ይናገራል፤ ፈረሱ ግን በእያንዳንዱ ርምጃ ያርማል።

እንዲህ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ተማሪው ረዳት ጋላቢ ይሆንና ያልተገራ ወጣት ፈረስ ይሰጠዋል። ያንን ፈረስ በመምህራኑ እየታገዘ ከመጀመሪያው ርምጃ እስከ ከፍተኛው ትምህርት ካላደረሰ ሙሉ ጋላቢ አይባልም። ከገባበት ቀን ጀምሮ 8፣ 10፣ አንዳንዴም 12 ዓመት ይሆናል። ሐኪም በስንት ዓመት ይመረቃል?

ሰው ፈረሱን፣ ፈረሱም ሰውን የሚያስተምርበትን ይህን ውል በደንብ የተረዳው ከ1939 ጀምሮ ትምህርት ቤቱን የመራው አሎይስ ፖድሃይስኪ ነው፤ በ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ በፈረስ ግልቢያ ነሐስ ያገኘ ሰው። ሲያረጅ የጻፈውን መጽሐፍ “አስተማሪዎቼ ፈረሶች” የሚል ስም ሰጠው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል ድንጉላዎቹን ከቪየና አሽሽቶ ነበር፤ ባዝራዎቹ ደግሞ ጀርመኖች ወስደዋቸው ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ ሆስታው በምትባል ቦታ ነበሩ። ግንቦት 7 ቀን 1945 ፖድሃይስኪ በስደት ባሉበት መንደር ለአሜሪካዊው ጄኔራል ጆርጅ ፓተን ትርኢት አሳየና ጥበቃ ለመነው። ፓተንም በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ የተወዳደረ፣ የፈረስ ነገር የማያልፈው ሰው ነበር። ለባዝራዎቹ የአሜሪካ ወታደሮች ሚያዝያ ማብቂያ ላይ ደርሰውላቸው ነበርና እነሱም ወደ ኦስትሪያ ተመለሱ። ድንጉላዎቹ ቪየና የገቡት ግን በ1955 ነው። ዘሩ ያኔ ቢቋረጥ ኖሮ ትምህርቱም ይቋረጥ ነበር። ዕውቀቱ በዋነኛነት ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከጀርባ ወደ ወገብ የሚተላለፍ ነውና መጽሐፍ ብቻውን አይመልሰውም።

ዩኔስኮ በ2015 ጥበቡን ከማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። ሴቶች በተማሪነት የገቡት ግን በ2008 ነው። ለባዝራዋ ስም ይህን ያህል ክብር የሰጠ ቤት ለሴት ልጅ ኮርቻ ለመስጠት ከአራት መቶ ዓመት በላይ መፍጀቱ ይገርመኛል።

በየጊዜው ሳይነጣ ዳማ ሆኖ የሚቀር አንድ ፈረስ ይገኛል። አያባርሩትም፤ ገድ ነው ብለው ከነጮቹ መካከል ያቆዩታል። ሌሎቹ ሃያ ዓመት አልፏቸውም አዳራሹን ይረግጣሉ፤ ዝላዩ ሲከብዳቸው ለጀማሪ ይሰጣሉ። ያን ጊዜ መካከል ቆሞ ገመዱን የያዘው ባለ ሽበት መምህር፣ ያን ሽማግሌ ድንጉላ ገና ግራጫ ሳለ ቀጥ ብሎ መሄድ ያስተማረው ሰው ሊሆን ይችላል። አሁን ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ኮርቻው ላይ ያለው ልጅ ደግሞ ጉልበቱን እያጠበቀ ነው።