ብረት ዕድሜውን አያውቅም

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል፣ ነገ በጠዋት መንገድ አለብኝ፤ ግን ይህን ሳልጽፍ እንቅልፍ አይወስደኝም። የፊደል ግድፈት ካለ እለፉኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ለአዲስ ገቢዎች፦ ሥራዬ ብረት መመርመር ነው። ሳልቆርጥና ሳልሰብር ስንጥቅ እፈልጋለሁ፣ ያገኘሁትን እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ። በዚህ ሳምንት ስሙን የማልጠራው አንድ የውኃ ኃይል ማመንጫ ሄጄ ነበር። የተርባይኑን ሽፋን ወጥረው የሚይዙትን ቡሎኖች ልፈትሽ። ዕቃዬን ከማውጣቴ በፊት ሁሌም እንደማደርገው መዝገቡን ጠየቅሁ፦ ማሽኑ ስንት ጊዜ ተነሣ፣ ስንት ጊዜ ቆመ፣ ስንቱ በሥርዓት፣ ስንቱ በድንገት?

መዝገቡ መጣ። የሦስት ወሩ ገጽ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ እጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። በሦስት ሺፍት የሚሠራ ቤት እኮ ነው! ‹ተነሣ 1፣ ቆመ 1› እያለ እስከ ታች ይወርዳል፣ አስተማሪ ‹መቶ ጊዜ ጻፍ› ብሎ የቀጣው ተማሪ ደብተር ይመስላል። በእነዚያ ሦስት ወራት መብራት ስንቴ እንደ ጠፋ እናንተም በየቤታችሁ ታውቁታላችሁ።

የሺፍት መሪውን ‹ይሄን ማን ጻፈው?› አልኩት።

‹ኢንጂነር፣ ኦዲት ሲመጣ ባዶ እንዳይሆን ብለን ነው› አለኝ። ትንሽ እንኳ አላፈረም። ቡናም አስመጣልኝ።

ማታ በንዴት ሆቴል ገብቼ ስልኬ ላይ ቴሌግራም ስከፍት ደግሞ ሌላው ጉድ ጠበቀኝ። በመስከረም 2025 ኢትዮጵያ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር በኒውክሌር ጣቢያ ጉዳይ ሞስኮ ላይ ከተፈራረመች ወዲህ ሁሉም ሰው የሪአክተር ባለሙያ ሆኗል። አንዱ ‹የኒውክሌር ጣቢያ 40 ዓመት ሲሞላው እንደ መድኃኒት ጊዜው ያልፍበታል፣ ፈረንጆቹ ግን ፈቃድ እያደሱ ቦምብ ላይ ተኝተዋል› ይላል። ሺህ ሰው አስተላልፎታል። ከሥሩ ሌላው ‹ሴባስቶፖልን የሠራ ሕዝብ ኒውክሌር አያቅተውም› ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም አያውቁም፤ ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ። በቁጥር ልሂድ።

1. 40 ዓመቱ የብረት ዕድሜ አይደለም። አሜሪካ የመጀመሪያውን ፈቃድ 40 ዓመት ያደረገችው በኢኮኖሚ ምክንያትና ገበያው በጥቂት ድርጅቶች እጅ እንዳይወድቅ በሚል ሐሳብ ነው። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ራሱ ይህን በግልጽ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ፈቃዱ በ20 በ20 ዓመት ይታደሳል። ወደ 80 ዓመት የሚያሻግር ፈቃድ በመጀመሪያ ያገኘው የፍሎሪዳው ተርኪ ፖይንት ነው፣ በታኅሣሥ 2019። ሩቅ ነው ካላችሁ አፍሪካችን ውስጥ የደቡብ አፍሪካው ኩበርግ አለ። በ1984 ሥራ የጀመረው አንደኛው ሪአክተር በሐምሌ 2024 ተጨማሪ 20 ዓመት ተፈቅዶለታል። ፈቃድ ማደስ እንደ መንጃ ፈቃድ ፎቶ ይዞ መሰለፍ የሚመስለው ካለ ይታረም። ዓመታት የሚፈጅ ክርክር ነው፤ የክርክሩም አንዱ እምብርት ቀጣዩ ቁጥር ነው።

2. ብረት የሚደክመው በመታጠፍ ነው። ሽቦ እያጠፋችሁ የሰበራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፣ አላብራራም። በሪአክተር ውስጥ የሚያጥፈው ሙቀትና ግፊት ነው፤ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ስለዚህ ነዳፊዎቹ ገና ከመጀመሪያው በጀት ይመድባሉ። በብዙዎቹ የዌስቲንግሃውስ ጣቢያዎች ከቀዝቃዛ ተነሥቶ ሞቆ መልሶ መቀዝቀዝ 200 ጊዜ፣ ድንገተኛ መቆም 400 ጊዜ ተብሎ ተሰልቷል። እያንዳንዱ ክስተት ከብረቱ ጽናት የተወሰነ ክፍልፋይ ይበላል። ክፍልፋዮቹ ተደምረው 1 ከሞሉ የተፈቀደው አለቀ ማለት ነው። ፈቃድ የሚያሳድስ ጣቢያ እስከ ዛሬ የበላውን ቆጥሮ፣ እስከ 60 ወይም 80 ዓመት የሚበላውን ገምቶ፣ ከ1 በታች መሆኑን ያሳያል። ካለፈ ይጠግናል፣ ይቀይራል፣ ወይም ያንን ቦታ በየጊዜው ይመረምራል። በዚያ ላይ ቤተ ሙከራ ውስጥ በደረቅ አየር የተፈተነ ብረት በሪአክተር ሙቅ ውኃ ውስጥ ቶሎ ስለሚደክም ሒሳቡ በማባዣ ይከብዳል። ስጋቱ ባዶ ነው አላልኩም። ስጋቱ የሚለካ ነው ነው ያልኩት።

የተወለድኩት ስማዳ ነው። ልጅ ሳለሁ ወደ ወገዳ በሚወስደው ጠጠር መንገድ ፕላስቲኩ ከወንበሩ ያልተላጠ አይሱዙ ዓመት ሳይሞላው ባሌስትራው ተሰብሮ መንገድ ዳር ቆሞ ስናይ ‹ቡዳ በላው› ይባል ነበር። አዲስ አበባ አስፋልት ላይ ሃያ ዓመት የኖረው ወንድሙ ግን ከነባሌስትራው ይኖራል። ቡዳ የለበትም። የእኛ መንገድ በአንድ ገበያ ቀን የሚያጥፈውን አስፋልቱ በወር አያጥፈውም። መኪና ስትገዙ ‹ሞዴሉ ስንት ነው?› ብቻ ጠይቃችሁ ‹የት ነበር የሠራው?› የማትሉ ሰዎች ከዚያ የቴሌግራም ጸሐፊ አትሻሉም።

3. አዲስ ማለት ጤነኛ ማለት አይደለም። የፈረንሳዩ ሲቮ አንደኛ ሪአክተር ከኃይል መስመሩ ጋር የተገናኘው በታኅሣሥ 1997 መጨረሻ ነበር። በግንቦት 1998፣ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ሙቅና ቀዝቃዛ ውኃ ከሚቀላቀሉበት መጋጠሚያ አጠገብ ያለው የቱቦ ክርን ተሰንጥቆ በሰዓት ወደ 30 ሜትር ኩብ ውኃ አፈሰሰ። ስንጥቁ 18 ሴንቲሜትር ያህል ነበር። ቱቦው አንዴ በሙቅ አንዴ በቀዝቃዛ ውኃ እየተመታ ቶሎ ቶሎ ታጠፈ፤ ያንን መታጠፍ ደግሞ ማንም በጀት ውስጥ አላስገባውም። አርባ ዓመት አልጠበቀም። አርባ ዓመት የሚያስፈራችሁ ሰዎች ይህን አምስት ወር ምን ልትሉት ነው?

ለሴባስቶፖሉ ወንድሜም አንድ ቃል። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ተቀልጦ፣ በእኛው አገር በጋይንት በኩል እየተጎተተ መቅደላ የወጣው ያ 7 ቶን ገደማ መድፍ እኔንም ያኮራኛል። ግን አንድ ትልቅ ጉልበት መቻልና መቶ ሺህ ትንንሽ ጉልበት መቻል ሁለት የተለያየ ሙያ ነው። መድፍ የሚጠየቀው የመጀመሪያውን ነው። ቱቦና ቡሎን የሚጠየቁት ሁለተኛውን ነው።

4. መዝገብ። መዝገብ። መዝገብ።

ይኸውላችሁ፣ እውነተኛው ንዴቴ እዚህ ነው። ያ በአንድ እስክሪብቶ የተሞላ ገጽ ከሁሉም የቴሌግራም ወሬ በላይ ያስፈራኛል። ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ።

በማግስቱ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ በአልትራሳውንድ አየሁ። ጤነኛ ቡሎን ላይ ድምፁ እስከ ታችኛው ጫፍ ወርዶ ይመለስና ስክሪኑ ላይ አንድ ረጅም ጉብታ ያቆማል። አንዱ ላይ ግን ከዚያ ቀድሞ ትንሽ ጉብታ መጣች። አስፈታሁት። አጥበን፣ አድርቀን ቀዩን ቀለም ቀባሁትና ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ጠርገን ነጩን ዱቄት ስነፋበት ዳዶው ከሚይዘው የመጀመሪያ ጥርስ ሥር ፀጉር የምታህል ቀይ መስመር ቀስ ብላ ወጣች። የዙሪያውን ሩብ ያህል ይዛለች። ልጆቹ ዝም አሉ። የሺፍት መሪው ‹ከመቼ ጀምሮ ነው?› አለኝ።

እኔ ምን ልበለው? መልሱ ያለው እሱ ቡና እያጠጣኝ ባሳየኝ መዝገብ ውስጥ ነበር! ያለፈው ምርመራ ላይ ስንጥቅ ካልነበረ፣ ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ስንት ጊዜ እንደ ተነሣና እንደ ቆመ ካወቅሁ፣ የስንጥቁን ፍጥነት እገምታለሁ። ፍጥነቱን ካወቅሁ ‹የቀሩትን በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ መልሳችሁ መርምሩ› እላለሁ። ቆጠራ የሌለው ስንጥቅ ፍጥነት የለውም። ፍጥነት የሌለው ስንጥቅ ደግሞ ነገም ሊሆን ይችላል፣ ከአሥር ዓመት በኋላም።

‹ቡሎን ነው እንጂ ሪአክተር አይደለም› የምትሉ አትጠፉም። ነሐሴ 2009 ሩሲያ ውስጥ ሳያኖ ሹሼንስካያ የሚባለው የውኃ ኃይል ማመንጫ ሁለተኛው ተርባይን ሽፋኑን ወርውሮ ተነሣ፣ ውኃው አዳራሹን ሞላው፣ 75 ሰው አለቀ። ኒውክሌር አልነበረም፤ ውኃ ነው፣ እንደ እኛው። ከተመረመሩት 49 ቡሎኖች 41ዱ ላይ የድካም ስንጥቅ ተገኘ። ንዝረቱ ከልክ በላይ ነበር፣ መሣሪያው እያሳየ ማሽኑ ይሠራ ነበር። ቆሻሻው ሁሉ የታወቀው ሰው ካለቀ በኋላ ነው።

5 (ወይስ አሁንም 4 ላይ ነኝ?)። ቆጠራውም ቢሆን አስተውሎ ነው። ከሪአክተሩ ወደ ግፊት መጠበቂያው ጋን የሚሄድ ቱቦ አለ፤ ሙቁ ውኃ ላይ ላዩን፣ ቀዝቃዛው ታች ታቹን ሲሄድ ቱቦው እንደ ቀስት ይጎብጣል። ነዳፊዎቹ አላሰቡትም ነበር። በ1988 የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ጣቢያዎቹ ሁሉ ሒሳቡን እንደገና እንዲሠሩ አዘዘ። በታኅሣሥ 2008 ደግሞ ፈቃድ የሚያሳድሱ ጣቢያዎችን አስጠነቀቀ፦ የሙቀት መረጃን ወደ ውጥረት የሚለውጠው አንዱ አቋራጭ ስሌት ስድስት የውጥረት አካላት መያዝ ሲገባው አንዱን ብቻ ይይዛልና ድካሙን አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል አለ። ልብ በሉ፤ ቁጥር ያላቸው ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚጨቃጨቁት። ስህተቱ የተገኘው የሚታረም ቁጥር ስለነበረ ነው። በአንድ እስክሪብቶ የተሞላን ገጽ ማን ያርመዋል?

እና የእኛ ቤቶች... ልተወው ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም። ግድግዳው ላይ የካይዘን ፖስተር አለ፣ ከሥሩ መሣሪያው አቧራ ለብሷል። ለሥልጠና አበል ይገኛል፣ ለቡሎን ግን ጨረታው ሁሌ ለርካሹ ነው። ርካሹን ቡሎን ያመጣው ሰው ዕረፍት ሲወጣ፣ ስንጥቁን ያገኘው ሰው ‹ሥራ አጓተተ› ይባላል። አንድ ቦታ የአልትራሳውንዴን ማስተካከያ የብረት ቁራጭ በር መደገፊያ አድርገውት አግኝቻለሁ። ሳቅሁ፣ ከዚያ አልሳቅሁም። ኃላፊዎቹ ‹ማሽኑ ይሠራል አይደል?› ይላሉ። አዎ ይሠራል። የሳያኖውም እስከዚያች ጠዋት ድረስ ይሠራ ነበር።

የኒውክሌሩን ነገር አትቃወም አትደግፍ የሚለኝ ብዙ ነው። የእኔ ጥያቄ አጭር ነው። ሪአክተር ከኃይል መስመሩ ተነጥሎ አይኖርም፤ መስመሩ ድንገት ሲወድቅ እሱም ድንገት ሊቆም ይችላል፣ ከተመደቡለት ድንገተኛ መቆሞች አንዱ ይቀነሳል። የእኛን መስመር ታውቁታላችሁ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት የሚቆጥር፣ ሲሳሳት ‹ተሳስቻለሁ› ብሎ የሚሰርዝ፣ ስንት ጊዜ ቆመ ሲባል ኦዲተሩን ሳይሆን ብረቱን የሚፈራ ሰው አሠልጥነናል? ይህን የሚጠይቅ አንድ ጽሑፍ እንኳ አላየሁም። ሁሉም የሚጠይቀው ይፈነዳል አይፈነዳም ነው።

ሪፖርቱ ላይ አልፈረምኩም። ቡሎኑ ይቀየር፣ የቀሩትም ሁሉ ወጥተው ይታዩ ብዬ ጽፌ፣ አዲስ መዝገብ ገዝቼ የመጀመሪያውን ገጽ በራሴ እጅ አሰመርኩላቸው። ቀን፣ ሰዓት፣ ተነሣ፣ ቆመ፣ ለምን፣ ማን አየ።

ዛሬ ማታ ደወልኩ። ‹ትናንት ስንት ጊዜ ቆመ?› አልኩት የሺፍት መሪውን።

‹ሦስት።›

‹መዝገቡ ላይስ ስንት አለ?›

ዝም አለ። ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። ‹ሁለት› አለኝ፣ ‹አንዱን ልጆቹ ረስተውት ነው። አሁን ልጨምረው?›

‹ጨምረው› አልኩት፣ ‹ግን ዘግይቶ እንደ ተጻፈ ከጎኑ ጻፍ።›

ጻፈው አልጻፈው፣ በሚቀጥለው ወር ሄጄ አያለሁ። አሁን ልተኛ።