ዋልተር ታል፦ ከኳስ ሜዳ እስከ ጦር ግንባር

የምንኖርባት ካርቱም በአፍሪካ እግር ኳስ ታሪክ ትልቅ ስፍራ አላት። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1957 የተካሄደው እዚሁ ነው። አራት አገሮች ቢጠበቁም የተጫወቱት ሱዳን፣ ግብፅና ኢትዮጵያ ብቻ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን በአንድ ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከውድድሩ ውጪ ሆነች። ከእርሷ ጋር ተደልድላ የነበረችው ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ተጫዋችን በቆዳው ቀለም መለየት ግን ያን ጊዜ የተጀመረ አይደለም። ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ይህ ክፉ ልማድ የገጠመውን አንድ ተጫዋች ታሪክ ለአንባብያን ልናካፍል ወደድን።

ዋልተር ታል እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1888 በእንግሊዝ አገር በፎክስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ ከባርባዶስ ደሴት የመጣ ጥቁር አናጢ፣ እናቱ ደግሞ እንግሊዛዊት ነበሩ። ሰባት ዓመት ሲሆነው እናቱ፣ ዘጠኝ ሲሆነው አባቱ ሞቱ። የእንጀራ እናቱ ልጆቹን ሁሉ ለማሳደግ አቅም ስላነሳት፣ ዋልተርና ወንድሙ ኤድዋርድ ለንደን በሚገኝ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ገቡ። ኤድዋርድን በኋላ አንድ የግላስጎው ቤተሰብ ወስዶ አሳደገው፤ የጥርስ ሐኪምም ሆነ። ዋልተር የማተሚያ ቤት ሙያ እየተማረ ኳሱን ቀጠለ።

እ.ኤ.አ. በ1909 ለቶተንሃም ፈረመና በእንግሊዝ አንደኛ ዲቪዚዮን ከተጫወቱት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ተጫዋቾች አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት ቡድኑ ብሪስቶል ሄዶ ሲጫወት አንዳንድ ተመልካቾች የዘር ስድብ አወረዱበት። ጨዋታውን የተከታተለ ጋዜጠኛ ታል በጨዋነቱ ለሌሎች አርአያ መሆኑን ጻፈ። ከዚያ በኋላ ግን በዋናው ቡድን የመሰለፍ ዕድሉ ጠበበ። እ.ኤ.አ. በ1911 ወደ ኖርዛምፕተን ታውን ተዛውሮ ከ100 በላይ ጨዋታዎችን አደረገ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1914፣ የኳስ ተጫዋቾች ሻለቃ ተብሎ በሚታወቀው ጦር ውስጥ ተመዘገበ። በፈረንሳይ በሶም ግንባር ተዋጋ። የዘመኑ የጦር ደንብ መኮንንነትን ለንጹሕ አውሮፓዊ ዘር ብቻ የፈቀደ ነበር። አለቆቹ ግን ችሎታውን በጦር ሜዳ ስላዩ ለመኮንንነት አጩት፤ እ.ኤ.አ. በሜይ 1917 ደንቡ ሳይሻር ምክትል መቶ አለቃ ሆነ። በጣሊያን ግንባር 26 ወታደሮችን እየመራ የፒያቬን ወንዝ ተሻግሮ፣ አንድም ሰው ሳይጎድልበት ተመለሰ። ጄኔራል ሎፎርድም ስለ ጀግንነቱና ስለ እርጋታው አመሰገኑት።

እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1918 በሰሜን ፈረንሳይ ተመትቶ ወደቀ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ቀርቶት ነበር። ወታደሮቹ በጥይት መሐል አስከሬኑን ሊያነሱ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። መቃብር የለውም፤ ስሙ ግን በአራስ የመታሰቢያ ግንብ ላይ ተቀርጿል።

ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ የታልን ጽናት ብቻ እንዳይዙ አደራ እንላለን። ስድቡን እሱ ብቻውን ቻለው፤ የመኮንንነቱ በር የተከፈተው ግን አጠገቡ የነበሩ ሰዎች ያዩትን እውነት ስለመሰከሩለት ነው። በካርቱምም እነ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ያሉበት የአፍሪካ እግር ኳስ መሥራቾች ለዘር ልዩነት ቦታ አልሰጡም። ጓደኛችን በመልኩ ወይም በአገሩ ሲሰደብ ስንሰማ፣ ዝም ማለትና አለማለት የእኛ ፈንታ ነው።