የግቢያችን ዛፍ ይወድቅ ይሆን?

በብዙ የአዲስ አበባ ነባር ግቢዎች ውስጥ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ፣ አለዚያም ጽድና ጃካራንዳ ከቤቱ ጣሪያ በላይ ገዝፈው ይታያሉ። ክረምት በተቃረበ ቁጥር የቤቱ ሰዎች ሽቅብ እያዩ መጨነቃቸው አይቀርም፤ ይህ ዛፍ ልጆቹ በሚተኙበት ክፍል ላይ ቢወድቅስ? ቶሎ የሚመጣው መልስ «ይቆረጥ» የሚለው ነው። እኛ ደግሞ መጥረቢያው ከመነሣቱ በፊት ዛፉ ይመርመር እንላለን። የፊዚክስ መምህራን ስለ ዛፍ ምን አገባቸው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ዛፍ አንድ ጫፉ በመሬት ውስጥ የተቀበረ ምሰሶ መሆኑን እናስታውሰዋለን።

ነፋስ በዛፍ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ግፊቱ በአብዛኛው የሚያርፈው ቅጠል በበዛበት አናት ላይ በመሆኑ፣ ከዚያ እስከ መሬት ያለው ርቀት እንደ ረጅም ክንድ ሆኖ ዛፉን ከእግሩ ለመንቀል ይታገላል።

ሰው ግን አብዝቶ የሚፈራው ግንዱ ላይ ያየውን ቀዳዳ ነው። ይህ ፍርሃት ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። የክብ ግንድን መታጠፍ በዋናነት የሚቋቋመው የውጭው እንጨት ነውና። መሐሉ በእኩል የተቦረቦረ ግንድ ከጥንካሬው የሚያጣው ድርሻ፣ የቀዳዳው ሬዲየስ ለግንዱ ሬዲየስ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር በራሱ አራት ጊዜ ተባዝቶ ይገኛል። ሬዲየሱ 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ግንድ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ 15 ሳንቲ ሜትር ሬዲየስ ቢኖረው የሚጠፋው ጥንካሬ 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ባዶው 21 ሲደርስ 24 በመቶ፣ 27 ሲደርስ ግን 66 በመቶ ይሆናል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላውስ ማቴክም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ብዙ ዛፎችን መርምሮ፣ የቀረው ጤነኛ እንጨት ውፍረት ከሬዲየሱ 30 በመቶ በታች ሲወርድ አደጋው እንደሚበረታ አመልክቷል። ቀዳዳው ወደ አንድ ጎን ያደላ ወይም አፉ ሰፊ ከሆነ ግን ይህን ስሌት ማመን አይገባም፤ ጉዳቱ ከዚያ ይብሳል።

ሬዲየሱን ለማወቅ የግንዱን ዙሪያ በሜትር ለክቶ ለ6.28 ማካፈል ይበቃል። ከዚያም ግንዱን በእንጨት መዶሻ እየዞሩ መታ መታ ማድረግ ነው። ጤነኛው ክፍል አጭርና ደረቅ ድምፅ ሲሰጥ ባዶው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። የለቀቀ ቅርፊትም እንዲሁ ስለሚያስተጋባ ጆሮን ያታልላል።

ከሁሉ በላይ የምንሠጋው ለሥሩ ነው። ሥር ወደ ጥልቅ ይወርዳል ተብሎ ቢታመንም አብዛኛው የሚገኘው በላይኛው አንድ ሜትር አፈር ውስጥ፣ ወደ ጎን ተዘርግቶ ነው። ለአጥር መሠረት ወይም ለውኃ ቧንቧ ከግንዱ አጠገብ የተቆፈረ ቦይ የዛፉን መልሕቅ ይቆርጣል፤ ቅጠሉ ግን ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። የሐምሌ ዝናብ አፈሩን ሲያርሰው አፈሩ ሥሩን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ በግንቦት ወር የዛፉን እግር መመልከት ይበጃል። በግንዱ ግርጌ እንጉዳይ በቅሏል? በቅርብ ተቆፍሯል? ዛፉ ካዘነበለበት በተቃራኒው በኩል መሬቱ ተሰንጥቋል ወይስ ተነሥቷል?

ማዘንበል ብቻውን ወንጀል አይደለም። ከልጅነቱ ያዘነበለና አናቱን ወደ ላይ ያቀና ዛፍ ሸክሙን ለምዶታል። የሚያስፈራው አዲስ ዝንባሌ ነው። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ቱንቢ በግንዱ ላይ ከተወሰነ ምልክት አንጠልጥሎ ጫፉ ከግንዱ የራቀበትን መለካት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ነፋስ በሌለበት ሰዓት መድገም ልዩነቱን ያሳያል። ርቀቱ ከጨመረ፣ ወይም መሬቱ ተሰንጥቆ ከተገኘ፣ ከዛፉ በታች ያለውን ክፍል ለቅቆ ባለሙያ መጥራት ነው። ዛፉ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚነካ ከሆነ መጀመሪያ መጠራት ያለበት የመብራት ኃይል ሠራተኛ ነው።

አናቱን ጨርሶ መቁረጥ የተለመደ መፍትሔ ቢመስልም አንደግፈውም። ከተቆረጠበት የሚያቆጠቁጡት አዳዲስ ቅርንጫፎች የሚያያዙት ከላይኛው ሽፋን ጋር ብቻ ነው፤ ከሥራቸው ያለው ቁራጭም ይበሰብሳል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እነዚሁ ቅርንጫፎች ከብደው በዚያው ጣሪያ ላይ ይገነጠላሉ።