ጋዜጣና የስልክ ጌም እንደ ትምህርት

እንደሚታወቀው የመምህር ሥራ ፊደል አስቆጥሮና ንባብ አስለምዶ የሚያበቃ አይደለም። ማንበብ የቻለ ልጅ ያነበበውን ሁሉ የሚያምን ከሆነ፣ ንባቡ የራሱ መሆኑ ቀርቶ የሌላ ሰው መሣሪያ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ለማብራራት የተነሣነው ጋዜጣና የቪዲዮ ጌም በትምህርት ቤት ውስጥ ጎን ለጎን እንዴት ሊጠኑ እንደሚችሉ ነው። ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ እንዳይቀርም፣ ብዙዎቻችን ከምረቃ በኋላ ልንመደብባቸው የምንችለውን እንደ አንገር ጉቲን ያሉትን የወለጋ ከተሞች እያሰብን እንመለከተዋለን።

«ጋዜጣውስ ይሁን፤ ጌም ደግሞ ምኑ ትምህርት ነው?» የሚል ይኖራል። ወላጆችም ይሉናል። አባባሉ ከንቱ አይደለም፤ ጌም ቤት ተቀምጦ የሚውል ልጅ ትምህርቱን እንደሚበድል ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን አንድን ነገር ማጥናትና ያንኑ ነገር ሲጫወቱ መዋል ለየብቻ ናቸው። መምህር ስለ ወባ ሲያስተምር ተማሪውን በትንኝ አያስነክስም እኮ! ልጁ ጌሙን እኛ ሳንነግረው አግኝቶታል፤ የጎደለው ጌሙን የሚመረምርበት ጥያቄ ነው።

ይህን ትምህርት በሥርዓት ከያዙት አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ላይ በዋለው የመገናኛ ብዙኃን ጥናት ትምህርት፣ ኦ.ሲ.አር. የተባለው የፈተና ድርጅት ለከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች «ዴይሊ ሜይል» እና «ጋርዲያን» የተባሉትን ጋዜጦች «ማይንክራፍት» ከተባለው ጌም ጋር በአንድ መርሐ ትምህርት ውስጥ አስገብቷቸዋል። ማይንክራፍት በስዊድን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ማይክሮሶፍት በ2.5 ቢሊዮን ዶላር የገዛው፣ ተጫዋቹ በጡብ መሰል ነገሮች ቤትና ከተማ የሚገነባበት ጌም ነው። ከጋዜጦቹም ዴይሊ ሜይል የአንድ ቤተሰብ ንብረት ሲሆን፣ ጋርዲያን በባለአደራ ድርጅት የሚተዳደር ነው። ተማሪው የሚጠየቀው የትኛው ጥሩ፣ የትኛው መጥፎ እንደሆነ አይደለም። እንዴት እንደተሠሩና ለምን እንደዚያ እንደተሠሩ ነው።

ትምህርቱ የቆመው በአራት ምሰሶዎች ላይ ነው። እኛ በራሳችን አነጋገር እንዲህ ብለን ጥያቄ አድርገናቸዋል፦

1ኛ. የሚናገረው ማን ነው? ባለቤቱ ማን ነው፣ ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?
2ኛ. የሚናገረው በምን ዘዴ ነው?
3ኛ. ማንን እንዴት አድርጎ ያሳያል? ማንንስ ሳያሳይ ያልፋል?
4ኛ. ለማን ነው የቀረበው? ተቀባዩስ ምን እንዲያደርግ ይፈልጋል?

እነዚህን ጥያቄዎች መጀመሪያ በጋዜጣ ላይ እንሞክራቸው። በአገራችን የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ የሚባለው «አእምሮ» በ1890ዎቹ በአፄ ምኒልክ ዘመን በግሪካዊው አንድሪያስ ካቫዲያስ ሲጀመር፣ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይወጣ ነበር። እንግዲህ በእጅ ጽፈን ግድግዳ ላይ የምንለጥፈው የእኛው ጋዜጣ ከጋዜጣ ወገን አይደለም የሚለን ካለ ተሳስቷል ማለት ነው! አዲስ ዘመን ደግሞ ከጣሊያን ወረራ ነፃነት ማግሥት፣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ተመሠረተ። በአፋን ኦሮሞ የሚታተመው በሪሳ የተጀመረው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ በግዕዝ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ኋላ በቁቤ መጻፍ ጀመረ።

የአዲስ ዘመንን ነገር ጠጋ ብለን ብናየው የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ያህል ጠቃሚ እንደሆነ ይገባናል። በንጉሡ ዘመን የንጉሠ ነገሥቱ ጉዞና ንግግር የፊት ገጹን ይይዝ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከሥልጣን ወረዱ፤ ያው ጋዜጣ የደርግን መግለጫ ይዞ ወጣ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ደግሞ ያው ጋዜጣ በአዲሱ መንግሥት አፍ መናገር ጀመረ። ስሙ አዲስ ዘመን ነው፤ ፊደሉም ያው ፊደል ነው። የተለወጠው የሚያዘው ክፍል ነው። ይህን ስንል ጋዜጣው ሐሰት ብቻ ይጽፋል ማለታችን አይደለም። ከባለቤቱ አንጻር ካልተነበበ ግን ግማሹ ብቻ ይነበባል ለማለት ነው። የግል ጋዜጦችም፣ የፕሬስ ነፃነት አዋጅ በ1985 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ በብዛት የታተሙት ሁሉ፣ ባለቤትና ገቢ ስላላቸው ከዚህ ጥያቄ አያመልጡም።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጥያቄ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በአንገር ሸለቆ ዋና ሰብል በሆነው በበቆሎ እንጀምር። በመኸር ጊዜ የበቆሎ ዋጋ ቀነሰ እንበል። አንዱ ጋዜጣ «ገበሬው ገበያ አጣ» ብሎ ርዕስ ይሰጣል፤ ሌላው «በቆሎ ረከሰ፤ ሸማቹ ተነፈሰ» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ነገር ግን አንደኛው የቆመው ማሳው ላይ ነው፤ ሁለተኛው ወፍጮ ቤት በር ላይ። ተማሪው ይህን ልዩነት በራሱ ቃል መናገር ከቻለ ትምህርቱ ገብቶታል።

አሁን ወደ ጌሙ እንሻገር። ጋዜጣ በቃልና በሥዕል ይናገራል፤ ጌም ግን ከሁሉ በላይ የሚናገረው በሕጉ ነው። ምን ያሸልማል? ምን ይከለክላል? ጭራሹን የማይቻለውስ ምንድን ነው? የአንድ ጌም ቃሉ ይሄ ነው።

ለዚህ አዲስ ነገር መፈለግ አያሻም፤ ገበጣ አለን። ገበጣ ሲባል በየአካባቢው ሕጉ ይለያያል። ባለ ሁለት ረድፍም ባለ ሦስት ረድፍም አለ፤ ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለዚሁ ጨዋታ ዓይነቶች ጥናት አሳትመዋል። የሚያመሳስላቸው ግን ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ጠጠሩን አንሥቶ በየጉድጓዱ አንድ አንድ እያለ መዝራቱ ነው። ለተቃዋሚው ጉድጓድ ሳያካፍል የሚሄድበት መንገድ ጠባብ ነው፤ ሳይቆጥር የሚያሸንፍበት መንገድም እንደዚያው። እንግዲህ የገበጣ ሕግ፣ ዝራ፣ ቁጠር፣ ከዚያ ብላ ይላል ማለት ነው።

ከዚህ ጋር «ፍሪ ፋየር» የተባለውን የስልክ ጌም እናነጻጽር። ባለቤቱ ጋሬና የተባለ የሲንጋፖር ኩባንያ ነው። በተለመደው አጨዋወት 50 ተጫዋቾች ከአውሮፕላን ደሴት ላይ ይወርዳሉ፤ መሣሪያ ይፈልጋሉ፤ በመጨረሻ የተረፈው ያሸንፋል። የሚያኖረው ክልል ደግሞ በየጊዜው እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ራቅ ብዬ በሰላም ልቀመጥ ማለት አይቻልም። እዚያ ደሴት ላይ ማረስ የለም፣ መዳኘት የለም፣ ሽማግሌ የለም፣ ይቅር መባባል የለም። የተከለከሉ ሆነው አይደለም፤ ሕጉ ውስጥ ስላልገቡ ነው። ጌሙ በነፃ ይጫናል፤ ገቢው የሚገኘው ለገጸ ባሕርያቱ የሚለበሱ ልብሶችንና ሌሎች ነገሮችን በመሸጥ ነው። ስለዚህ ልጁ ሳይሰለች ብዙ ሰዓት እንዲቆይ መደረጉ ለባለቤቱ ጥቅም ነው። ይህን ጌም የተጫወተ ሁሉ ክፉ ይሆናል አንልም። ዓለም በዚያ ሕግ ብቻ የምትሄድ እንዳይመስለው ግን ቢያንስ ሕጉን በቃሉ ይዘርዝረው።

የአገር ልጅ የሠራው ጌምም አለ። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለውን፣ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን የስልክ ጌም ሠርቷል፤ ገበጣንም በስልክ አቅርቧል። አራቱ ጥያቄዎች ለእነዚህም ይሠራሉ፤ የአገር ውስጥ ስለሆነ አይታለፍም።

ታዲያ ኮምፒዩተር በሌለበት፣ በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ በታጨቀበት ይህን ማስተማር እንዴት ይቻላል? የሚያስፈልገን ጥቂት አሮጌ ጋዜጣ፣ ጠመኔና ጠጠር ነው። አራቱን ጥያቄዎች ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን። ተማሪውን በቡድን እንከፍለውና፣ ግማሹ አዲስ ዘመንን፣ አፋን ኦሮሞ የሚያነቡት ደግሞ በሪሳን ይዘው የፊት ገጹን ይመርምሩ፤ ከዚያ ለጓደኞቻቸው በየቋንቋው ያስረዱ። ግማሹ ውጪ ወጥቶ መሬት ላይ ባለ 6 ጉድጓድ ሁለት ረድፍ ይቆፍርና በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ያድርግ፤ ጠቅላላው 48 ይሆናል።

የጨዋታው ቡድን አንድ ጊዜ እንደ ወትሮው ይጫወት። ሁለተኛው ላይ አንድ አዲስ ሕግ እንጨምር፦ አንድ ተማሪ «ባለገበጣ» ይሆናል፤ እሱ አይጫወትም፤ ነገር ግን ተጨማሪ ተራ የፈለገ ተጫዋች ሁሉ አንድ ጠጠር ይከፍለዋል። ጨዋታው ሲያልቅ የሦስቱም ጠጠር ይቆጠር። ባለገበጣው አንድም ጊዜ ሳይዘራ ስንት ሰበሰበ? የተሸነፈው በችሎታ ነው ወይስ ተራ መግዛት አቅቶት? የስልክ ጌም ሱቅ እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ መርጃ መሣሪያ ያለ አይመስለንም። በነጋታው የሁለቱን ቡድን ውጤት የሚኒ ሚዲያ ክበቡ በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ቢያነበው ትምህርቱ ለመላው ተማሪ ይደርሳል።

ይህን ሁሉ ያልነው ግን ለጨዋታ ብለን አይደለም። አንገር ጉቲን ነባሩ ሕዝብና በ1970ዎቹ በሰፈራ የመጣው ጎን ለጎን የኖሩባት፣ አፋን ኦሮሞና አማርኛ በአንድ ገበያ የሚሰሙባት ከተማ ናት። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ በወለጋ ኢንተርኔት፣ በብዙ ቦታም ስልክ ጭምር ተቋርጦ ነበር። በ2015 ዓ.ም. በኪረሙና በጊዳ አያና ወረዳዎች በደረሰው ግጭት ሰው ሞቷል፤ ብዙ ሕዝብም ከቤቱ ተፈናቅሏል። የዚህ ሁሉ ምክንያት ወሬ ነው አንልም፤ የግጭቱ ሥር ከዚያ የጠለቀ ነው። ነገር ግን በእንዲህ ዓይነት ጊዜ አንድ ፎቶግራፍ የየት አገርና የየትኛው ዓመት እንደሆነ ሳይታወቅ ከስልክ ወደ ስልክ ቢተላለፍ፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ለማስነሣት ይበቃል። ስልኩን የያዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ በቤቱ ውስጥ ማንበብ የሚችለው ልጅ ነው። አባትና እናቱ «ምን ይላል?» ብለው የሚጠይቁት እሱን ነው።

የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል። ሕግ ግን የሚደርሰው ቃሉ ከአፍ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሚደርሰው መምህር ነው። በአራቱ ጥያቄዎች የተለማመደ ልጅ መልእክቱን ለቤተሰቡ ከማንበቡ በፊት፣ ይህን የላከው ማን ነው? ቀኑና ቦታው ተጠቅሷል ወይ? ከላኪው ሌላ ያየ ሰው አለ ወይ? እኛስ ምን እንድናደርግ ተፈለገ? ብሎ ቆም ይላል። ያቺ አፍታ ቀላል አይደለችም።

ስለዚህ እጩ መምህራን ጓደኞቻችን፣ የማስተማር ልምምድ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዳችን የምናገኘውን አሮጌ ጋዜጣ ሳንጥል ወደ ፔዳጎጂ ማዕከላችን እናምጣ፤ በሁለቱም ቋንቋ ቢሆን ይመረጣል። የትምህርት ዕቅዱን በጋራ እናዘጋጃለን። ይህንንም የግድግዳ ጋዜጣ በእነዚሁ አራት ጥያቄዎች ፈትሹት፤ የጎደለውን ጽፋችሁ አጠገቡ ለጥፉ።