ሲኤስ ወይስ አይኤስ? ዲፓርትመንት ከመሙላታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

"ሲኤስ ካልደረሰኝ አይኤስ እሞላለሁ።" ቡሌ ሆራም ሆነ ሌላ ግቢ፣ ፍሬሽማን ሲያልቅ ይሄን የማይሰማ የለም። ኮምፒዩተር ሳይንስ የጎበዞች፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተም ደግሞ የተረፈው ተደርጎ ነው የሚወራው። ምደባው ውጤትን ያያል፣ ቅጹ የሚሞላው በጥቂት ቀን ውስጥ ነው፣ አብሯችሁ የሚቆየው ግን ለዓመታት ነው። ስለዚህ ልዩነቱን እዚሁ በምናውቀው ነገር፣ በጉጂ ቡና እናስረዳችሁ።

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 (እ.ኤ.አ) አንድ ሕግ አወጣ። ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና ገበያው ውስጥ እንዳይገባ፣ ቡናው የበቀለበት ማሳ በካርታ ላይ የት እንደሆነ መታወቅ አለበት ይላል። ተፈጻሚነቱ ከአንዴም ሁለቴ ተራዝሟል፣ ሥራው ግን አይቀርም። ቡሌ ሆራ አካባቢ ያለ አርሶ አደር እሸት ቡናውን ለማጠቢያ ጣቢያ ያስረክባል፣ እዚያ ከሌሎች አርሶ አደሮች ቡና ጋር ይቀላቀላል፣ ከዚያ አዲስ አበባ አልፎ ውጭ ይሄዳል። ታዲያ ጆንያው ውስጥ ያለው የማን ማሳ ቡና እንደሆነ በምን ይታወቃል?

የአይኤስ ሰው ከሰዎቹ ይጀምራል። እሸቱን የሚረከበው ማነው? የት ላይ ይጽፋል? ኔትወርክ ሲጠፋስ? አርሶ አደሩ ደረሰኙን በአፋን ኦሮሞ ማንበብ ይችላል? ላኪው የትኛውን መረጃ ይፈልጋል? ይህን አጥንቶ ሥርዓቱን ይነድፋል፣ ዳታቤዙን ያዋቅራል፣ ሰዎቹን ያሠለጥናል። ጥናቱ ከተበላሸ የመረካከቢያው ሠራተኛ አፑን ትቶ ወደ ደብተሩ ይመለሳል።

የሲኤስ ሰው ደግሞ ከማሽኑ ይጀምራል። ያለ ኔትወርክ በ10 ስልክ የተመዘገበ መረጃ፣ ኔትወርክ ሲመጣ ሳይደገምና ሳይጠፋ እንዴት ይዋሃዳል? የሁለት ሰዎች ማሳ ካርታ ላይ ከተደራረበ ፕሮግራሙ እንዴት ይለየዋል? መዝገቡ 1 ሚሊዮን ሲደርስ ፍለጋው እንዳይንቀራፈፍ ምን ይደረግ?

አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። ሁለቱም ጋ ኮድ አለ። "ኮድ እጠላለሁ፣ ስለዚህ አይኤስ" የሚል ተማሪ ፕሮግራሚንግና ዳታቤዝ እዚያም ይጠብቁታል።

ኮርሶቹስ? ሲኤስ ወደ ሒሳብና ወደ ማሽኑ ውስጥ ያደላል፦ ዲስክሪት ማትስ፣ አልጎሪዝም፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ኮምፓይለር፣ ኤአይ። አይኤስ ወደ ድርጅት አሠራር ያደላል፦ ሲስተም አናሊሲስ፣ ፕሮጀክት ማኔጅመንት፣ ኢ-ኮሜርስ፣ የአካውንቲንግ መሠረታዊ ነገሮች። ራሳችሁን እንዲህ ጠይቁ፦ አንድ እንቆቅልሽ ላይ ብቻዬን 5 ሰዓት ብቆይ ደስ ይለኛል? ወይስ ሰው ጠይቄ፣ የተመሰቃቀለ አሠራር ፈትቼ ሳስተካክል?

መጨረሻ ላይ ደግሞ መውጫ ፈተና አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም ጀምሮ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች ይሰጣል። ማለፊያው 50 ነው፣ ካላለፉ ዲግሪ የለም። በመጀመሪያው ዙር በአገር ደረጃ ያለፉት ከተፈታኞቹ ከግማሽ በታች ነበሩ። ፈተናው የዲፓርትመንታችሁን የዓመታት ኮርስ ነው የሚጠይቀው። ለስሙ ብሎ የማይወደው ውስጥ የገባ ተማሪ የሚከብደው ያኔ ነው።

አንድ ያልተነገረ ነገር አለ። ከቆላው ወረዳዎች ከሚመጡት ብዙዎች ኪቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነኩት ግቢ ገብተው ነው። ይሄ ስንፍና አይደለም፣ ትምህርት ቤታቸው ኮምፒዩተር ስላልነበረው ነው። ግን ላብ ውስጥ ከከተማ ልጅ አጠገብ ሲቀመጡ ያሸማቅቃል፣ አንዳንዱም "ለኔ አልተፈጠረም" ብሎ ይተዋል። አትተዉ። ኪቦርድ መልመድ የሳምንታት ጉዳይ ነው፣ ማሰብ መቻል ግን ከእናንተው ጋር የመጣ ነው።

ላፕቶፕ የለም? በስልክ ጀምሩ። ፓይድሮይድ 3 የሚባለው የአንድሮይድ አፕ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ፓይተን ያስጽፋል። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራምም በነፃ ዌብ ፕሮግራሚንግ፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስና ኤአይ ያስተምራል። ሁለት ሳምንት ሞክሩት። ቅጹ ሲመጣ በወሬ ሳይሆን በሞከራችሁት ትሞላላችሁ።

ከመሙላታችሁ በፊት ሦስት ነገር፦

1. ግቢያችሁ የትኞቹን ዲፓርትመንቶች እንደሚሰጥ ሬጅስትራር ጠይቁ፣ ከግቢ ግቢ ይለያያል።
2. የኮርስ ዝርዝሩን ፎቶ አንሱና አንብቡ።
3. የ3ኛና የ4ኛ ዓመት ሲኒየር አግኙና "የትኛው ኮርስ አስለቀሰህ?" በሉት። "የትኛው ይሻላል?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሉም የራሱን ነው የሚያሞግሰው።

ቅጽ ሊሞላ የተዘጋጀ ጓደኛ ካላችሁ ዛሬውኑ አጋሩት። ከሞላ በኋላ ብዙም አይጠቅመውም።