መርፌ የሌለው ክትባትና የመቱ መንገድ

ክትባት ሲባል መርፌ የሚታየው ሰው የኮሌራውን ክትባት ሲያገኝ ግር ይለዋል። ጣት የምታህል የፕላስቲክ ቱቦ ናት። ጫፏ ተጠምዝዞ ይቆረጥና በውስጧ ያለው 1.5 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ አፍ ውስጥ ይጨመቃል፤ አለቀ። ጣዕሙ ደስ ስለማይል ልጆች ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ፈሳሹ የያዘው የሞቱ የኮሌራ ባክቴሪያዎችን ነው፤ በሽታ ማስያዝ አይችሉም፣ ሰውነት ግን ጠላቱን አስቀድሞ እንዲያውቅ ያደርጋሉ። ዕድሜው አንድ ዓመት የሞላው ሁሉ ሊወስደው ይችላል። መርፌ ስለሌለበት ገበያ ላይም፣ መናኸሪያም፣ ትምህርት ቤት በር ላይም ሰው አሰልፎ መስጠት ቀላል ነው።

ቀላል ያልሆነው ክትባቱን ማግኘቱ ነው። በኢሉባቦር ዞን ያለችው መቱና አካባቢዋ ደግሞ ይህን ጉዳይ ከሩቅ የሚያዩበት ምክንያት የላቸውም። ከበደሌ የሚመጣው መንገድ መቱን አልፎ ጎሬ ይደርሳል፤ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ጎሬ በቡሬ አድርጎ ቁልቁል 500 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው ጋምቤላ ይወርዳል። ወንዞቹም አብረው ይወርዳሉ፦ ሶር ወደ ገባ፣ ገባ ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮ ይሆናል። ውሃው ወደ ታች ብቻ ይሄዳል፤ ሰው ግን በዚያው መንገድ ይወርዳልም ይወጣልም። በ1998 ዓ.ም ሚያዝያ ላይ «አተት» (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) የተባለው የኮሌራ ወረርሽኝ መጀመሪያ የታየው ጋምቤላ ነበር፤ ወራት ሳይቆይ ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛመተ። በ2017 ዓ.ም አጋማሽም ከደቡብ ሱዳን ግጭት የሸሹ ሰዎች ድንበር ሲሻገሩ በጋምቤላ ኮሌራ እንደገና ተቀሰቀሰ፤ ክትባቱም በዘመቻ ተሰጠ። ኮሌራ ጋምቤላ ላይ ሲታይ መቱ መናኸሪያ ያለው ሰው ጆሮውን መስጠት ያለበት ለዚህ ነው።

ክትባቱ ከየት ይመጣል? ዓለም የጋራ መጠባበቂያ ክምችት አላት። እ.ኤ.አ. በ2013 በ2 ሚሊዮን ዶዝ ተጀመረ። ወረርሽኝ ሲነሳ ለየትኛው አገር ይላክ የሚለውን የሚወስኑት አራት ድርጅቶች ናቸው፦ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ማኅበራት ፌዴሬሽን። ገንዘቡን በዋናነት የሚሸፍነው ዓለም አቀፉ የክትባት ጥምረት ጋቪ ነው። አንድ አገር የተሟላ ጥያቄ ካቀረበ መልሱ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ይሰጣል ተብሎ ነው የተደራጀው። ሥርዓቱ ጥሩ ነው፤ ችግሩ መጋዘኑ ነው። ክትባቱን ለክምችቱ ያቀርቡ ከነበሩት ሁለት ፋብሪካዎች የሕንዱ ማምረት ሲያቆም ለተወሰኑ ዓመታት የመላው ዓለም ዓይን በአንድ የደቡብ ኮሪያ ኩባንያ፣ በዩባዮሎጂክስ ላይ ቀረ። በ2023 እ.ኤ.አ. የቀረበው ሁሉ ተደምሮ 36 ሚሊዮን ዶዝ ገደማ ነበር። ከአንድ መቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ኢትዮጵያ ብቻዋን ብትወስደው እንኳ ለሦስት ሰው አንድ ገደማ ቢደርስ ነው። ዩባዮሎጂክስ አዘገጃጀቱ ቀለል ያለ፣ በብዛት ለማምረት የሚመች ክትባት አውጥቶ በ2024 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ የዓለም ጤና ድርጅትን ዕውቅና አገኘ፤ አቅርቦቱ ከዚያ ወዲህ ተነቃቅቷል።

እጥረቱ አንድ ከባድ ውሳኔ አስወስኗል። ክትባቱ የተሠራው ሁለት ጊዜ እንዲወሰድ ነው፤ ሁለቱን የወሰደ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይጠበቃል። ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ለወረርሽኝ ምላሽ የሚሰጠው አንድ ዶዝ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። አንዱ ዶዝ ከለላ የሚሰጠው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ቢያንስ ለስድስት ወር ይባላል። ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ደግሞ ጥበቃው ከአዋቂዎቹ የደከመ ነው። እኔ ውሳኔውን አልነቅፍም፤ ለአንዱ ሁለት ከመስጠት ለሁለቱ አንድ አንድ መስጠት ወረርሽኝ ሲነድ ይሻላል። ግን የተከተበ ሰው «ተከተብኩ» ብሎ ለዓመታት እንዳይዘናጋ ይህ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ለነገሩ ክትባቱን የመስጠት ልምድ በአገራችን አዲስ አይደለም። በ2007 ዓ.ም በሻሸመኔ ገጠር ወረዳ በተደረገ ዘመቻ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች የመጀመሪያውን ዶዝ ወስደዋል፤ ሥራው የተሠራውም ባለው የጤና መዋቅር ነበር። ነሐሴ 2014 ዓ.ም በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ ተነስቶ ብዙ ክልሎችን ባዳረሰው ወረርሽኝም ዘመቻዎች ተካሂደዋል። ልምዱ ቢኖርም ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት፤ ፍሪጅ፣ በረዶ ያለው ሣጥን፣ መኪና፣ መኪናው ጭቃ ውስጥ የማይሰጥምበት መንገድም ይፈልጋል።

ደግሞም ክምችቱ በዋናነት የሚላከው እሳቱ ወደተነሳበት ነው። መቱ ወይም ጎረቤቶቿ ሁሩሙና ያዮ ሰላም ሆነው ተቀምጠው ክትባት ቢጠብቁ ላይደርሳቸው ይችላል፤ ቢደርሳቸውም የሰውነት መከላከያ እስኪገነባ አንድ ሳምንት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ የኢሉባቦር ነገር ውሃና መጸዳጃ ቤት ላይ ይወድቃል።

ኢሉባቦር ከአገሪቱ ዝናብ ከሚበዛባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው፤ ምንጭ በየጥጉ ይፈልቃል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ ኩልል ያለ ውሃ ንጹሕ ይመስላል፣ የኮሌራ ባክቴሪያ ግን በዓይን አይታይም። ጎርፍ ከሜዳ የተጸዳዱበትን አጥቦ ወዳልጎለበተ ምንጭ ሲያስገባ ሰፈር ሙሉ በአንድ ቀን ሊታመም ይችላል። የቡና ለቀማ ሲደርስ ደግሞ ከየአቅጣጫው የሚመጣው የቀን ሠራተኛ መጸዳጃ በሌለበት ጊዜያዊ ማደሪያ ያድራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየቤቱ የምትደጋግመው ምክር፣ ማለትም ጀሪካኑን ማጠብ፣ ውሃውን ማፍላት ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ ማከም፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ሰልችቶን ይሆናል። ኮሌራ ሲመጣ ግን ከዚያ የተሻለ የለም። ከባለሥልጣን የሚጠበቀው የቧንቧ ውሃ ክሎሪን እንዳያልቅበትና ምንጮች እንዲጎለብቱ ማድረግ ነው፤ ይህን ለነዋሪው ምክር ብቻ መተው ስንፍና ነው።

ሕመሙ ከገባ የሚገድለው የሰውነት ፈሳሽ ማለቁ ነው። በጣም የታመመ ሰው ካልታከመ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ በጊዜ ከታከሙት ግን የሚሞተው ከመቶ አንድ አይሞላም። ለአብዛኛው ሰው አንድ አንድ ፓኬቱ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ እየተበጠበጠ የሚጠጣ ኦአርኤስ ይበቃዋል፤ የከፋበት በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ይፈልጋል። የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ የያዘው ሰው ቤት ውስጥ ካያችሁ ኦአርኤሱን እያጠጣችሁ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ወይም መቱ ካርል ሆስፒታል ውሰዱት፤ በሽታውን አትደብቁ። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ የስልክ መስመር 8335 ነው።